ቤቱን ነው የምንገዛው ወይስ ሰፈሩን?
በአዲስ አበባ አሮጌ ቤት ለመግዛት ለምታስቡ እህቶች

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ከአባላቱ መካከል ቤት ለመግዛት ያሰበች ስትኖር ውሉን ወይም የዋጋውን ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መምጣቷ የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይህ ዋጋ ተገቢ ነው ወይ?» እኔም ስለ ቤቱ ከመመለሴ በፊት ስለ ሰፈሩ እጠይቃለሁ። ጎረቤቱ የማን ነው? ሰፈሩን ማን መሠረተው? መንገዱ መኪና ያስገባል ወይ? ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ትገረማለች። «እኔ የምገዛው ሰፈሩን አይደለም፣ ቤቱን ነው» ትለኛለች።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ይኸው መልስ ነው። በአዲስ አበባ በተለይም በመሐል ከተማ ባሉት የቆዩ ሰፈሮች የምንከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ለቤቱ ሳይሆን ለሰፈሩ ነው። ቤቱ በልማት ምክንያት ሲነሳ የሚታሰበው የገንዘብ ካሳ ደግሞ በዋናነት ለቤቱ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት የከተማዋን ታሪክ ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ሰፈር የሚለው ቃል

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ እንደ ዛሬው በመንገድና በፕላን የተከፋፈለች አልነበረችም። ንጉሠ ነገሥቱ ግቢያቸውን በኮረብታው ላይ ካደረጉ በኋላ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ የቆዩ ሰፈሮች እስከ ዛሬ በሰው ወይም በሥራ ስም የሚጠሩት። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር ብንል ስሙ ብቻውን ማን እንደሰፈረበት ይነግረናል። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የተቀመጡበት ነው።

የአሰፋፈሩ ሥርዓት በዛሬው የቤት ገበያ ላይ ሁለት ምልክት ትቷል። አንደኛው የሀብታምና የድሃ ቤት ጎን ለጎን መገኘቱ ነው። መኮንኑ ከፍ ባለው ቦታ ሰገነት ያለው ቤት ሲሠራ አሽከሮቹ፣ ወታደሮቹና ባለሙያዎቹ በዙሪያው በጭቃና በሣር ቤት ይኖሩ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ሰፈሮች በአንድ ሰፊ የድንጋይ ቤት አጥር ሥር ብዙ ትናንሽ ቤቶች ተደግፈው ማየት ያልተለመደ አይደለም። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚወስደው የእግር መንገድ በጊዜ ብዛት ቅያስ ሆነ። ቅያሱ ጠመዝማዛና ጠባብ ሆኖ ቀረ። አሮጌ ቤት ስታዩ የቅያሱን ስፋት በእርምጃ ብትለኩት ጥሩ ነው። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ቅያስ ለኑሮም ለዋጋም ጉዳት አለው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በከተማዋ መሬትን በግል መያዝ፣ መሸጥና መለወጥ በመንግሥት ደንብ እየታወቀ መጣ። ከዚያ በኋላ የመኳንንቱ ሰፊ ይዞታ በውርስም በሽያጭም እየተሸነሸነ ሄደ። ዛሬ በመሐል ከተማ ቅርጹ ያልተስተካከለ ቦታ የምናየው አንድም በዚህ የተነሳ ነው። አንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሌላው መግቢያው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው።

የጣልያን ዘመን የተወው

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በነበረው የጣልያን ወረራ ከተማዋ በዘር ተለይታ እንድትሠራ ታቅዶ ነበር። ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደና ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ ለአገሬው ሰው የተመደበ ክፍል ሆነ። አዲስ ከተማ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። መንገዶቹ እንደ ሌሎቹ የቆዩ ሰፈሮች ጠመዝማዛ ሳይሆኑ በመስመር ቀጥ ቀጥ ብለው የተሠመሩትም ለዚሁ ነው። በሌላ በኩል ለጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ስም «ኢንቺስ» ነበር። የኢንቺስ ቤቶች ማለትም «ካዛ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬም እንዲሁ ለሠራተኛው ሕዝብ ከተሠሩ የጣልያን ቤቶች ስሙን አገኘ።

ይህ ለቤት ገዢ ምን ይጠቅማል? አንድ ቤት የተሠራበት ዘመን የሚታወቀው በግድግዳው ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ ቅያሶችም ነው። ድንጋይና ኖራ ያለበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በመስመር የቆመ ቤት ከሆነ መሠረቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ከባሕር ዛፍ ግንድና ከጭቃ የተሠራው ደግሞ ውጪው በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቶ ቢያምርም ውስጡ የድሮው ነው። ልስኑን ብቻ አይቶ ዋጋ መስማማት አይገባም። ምስጥ ያለ እንደሆነ ለማወቅ የበሩን መቃን እግርና የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ማንኳኳት፣ እርጥበት ያለ እንደሆነ ለማየት ደግሞ በክረምት ወር መሄድ ጥሩ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

በዛሬው የአዲስ አበባ የቤት ዋጋ ላይ ከሁሉም የበለጠ ምልክት የተወው ቀን ይህ ነው ብል አላጋነንሁም። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን መሬትና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ እንዲኖረው አልተፈቀደም። ማከራየትም የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ከዚያ ቀን በፊት አብዛኛው የከተማ ሰው ተከራይ ነበር። አከራይ ስንል ግን ባለ ብዙ ሕንፃ መኳንንትን ብቻ ማሰብ የለብንም። በግቢያቸው ውስጥ ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርተው በኪራዩ የሚተዳደሩ እናቶችም ነበሩ። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ከኪራይ ሌላ ብዙ የገቢ መንገድ አልነበራትም። አዋጁ በኪራዩ ብቻ ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች ወርሃዊ መደጎሚያ እንዲከፈል ቢያዝም፣ ቤቱን ለልጅ አወርሳለሁ የሚለው ተስፋ ግን በአንድ ቀን ተዘጋ። በሌላ በኩል ለተከራዩ ድሃ ኪራዩ በሕግ ተቀነሰለት፤ ማንም በየወሩ እየጨመረበት ከቤቱ የሚያስወጣው ጠፋ። ታሪኩ ሁለቱንም ወገን ይዟል። አንዱን ብቻ መናገር ደግ አይሆንም።

የተወረሱት ቤቶች በሁለት ተከፈሉ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ እጅ ገቡ። 100 ብርና ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተረከባቸው። የቀበሌ ቤት የምንለው የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ኪራዩ ለዓሥርተ ዓመታት በጥቂት ብር ስለቆመ ቀበሌው ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ አልነበረውም። ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ብዙ ማውጣት አልፈለገም፤ ሲፈልግም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ላስቲክ ይነጠፍበታል። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ የውኃ ቆጣሪው የጋራ ነው። ቤቶቹ በዚህ ሁኔታ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆዩ።

እንግዲህ በቆየ ሰፈር የግል ቤት ስትገዙ ጎረቤቶቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ጉዳዩ ጎረቤትን መናቅ አይደለም። በቀበሌ ቤት ያደጉ ብዙዎቻችን ነን፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውንም የተማርነው እዚያው ነው። ጉዳዩ የባለቤትነት ነው። ከዐሥር ቤት ስምንቱ የመንግሥት በሆነበት መንደር መንግሥት አካባቢውን መልሶ ለማልማት ሲወስን የስምንቱ ቤት ባለቤት ራሱ ነው። መነሳት ሲመጣ የቀሩት ሁለቱ የግል ቤቶችም ከስምንቱ ጋር አብረው ይነሳሉ። የእናንተ ቤት በካርታና በስም የጸዳ ቢሆንም ዕድሉ ከጎረቤቶቹ ዕድል ጋር የታሰረ ነው።

መሬት አይሸጥም፣ ዋጋው ግን አለ

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ይህ በሕገ መንግሥቱም የጸና ነው። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው። ነገር ግን ማንኛችንም እንደምናውቀው ቦሌ ያለና ከከተማ ዳር ያለ ተመሳሳይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት በአንድ ዋጋ አይሸጥም። ብሎኬቱ ያው ነው፤ ቆርቆሮው ያው ነው። ልዩነቱ የቦታው ነው። ገበያው የቦታውን ዋጋ በቤቱ ስም አድርጎ ያስከፍላል። ውሉ ላይ «ቤት» ተብሎ ይጻፋል፤ በኪሳችን ግን የምንከፍለው ለሁለት ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሊዝ ሥርዓት መጣ። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80/1986 ነው። ከዚያ በ1994 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ አሁን የምንሠራበት መሠረታዊ ሕግ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ ነባር ይዞታ ይባላል። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ሻጩ «እኔ በዓመት የምከፍለው ይህችን ታህል ብቻ ነው» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የእናንተ ግን የእሱን ያህል ላይሆን ይችላል። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ሲሆን የሚከፈለውን መጠን በክፍለ ከተማው የመሬት አስተዳደር ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ይህ ወጪ ከስም ማዛወሪያው ጋር ተደምሮ የቤቱ ዋጋ አካል ነው።

ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እንዲነሳ ሲወሰን የሚሠራው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ማሻሻያ ስለተደረገበት የቅርቡን ይዞ ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሐሳቡ መሠረት ግን ግልጽ ነው። ለቤቱ የሚታሰበው ቤቱን እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ለቦታው ደግሞ ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት የሚሰጥበት መንገድ አለ። ምትኩ ግን በዚያው ሰፈር ይሆናል ማለት አይደለም። ከገበያው፣ ከሐኪም ቤቱና ከልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ቅርብ ስለሆነ የከፈላችሁት ገንዘብ በካሳው ስሌት ውስጥ አይታይም።

ከልደታ እስከ ካዛንቺስ

ይህ ሁሉ ወሬ አይደለም፤ በዓይናችን ያየነው ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ ከተሞከረ በኋላ ተስፋፋ። ብዙም ሳይቆይ ልደታ የነበረው የቆየ ሰፈር ተነስቶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ኮንዶሚኒየም የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የማግኘት ምርጫ ነበራቸው። የግል ቤት ባለቤቶች ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ተነሱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ተራ ሆነ።

ከተማ ይታደሳል፤ መታደሱንም የሚቃወም ጥቂት ነው። በጋራ መጸዳጃ ለዓመታት የተሰለፈች እናት የራሷ መታጠቢያ ያለው ቤት ብታገኝ ደስታዋ የእኔም ደስታ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ቤት ገዢዋ ነው። ሰፈሩ ከመነሳቱ አንድ ዓመት በፊት ሙሉ የገበያ ዋጋ ከፍላ የገዛችና ከአርባ ዓመት በፊት የወረሰች ሴት አንድ ዓይነት ቤት ቢኖራቸው የሚያገኙት ካሳ አንድ ዓይነት ነው። ሒሳባቸው ግን አንድ አይደለም። ወራሿ በሰፈሩ አርባ ዓመት ተጠቅማበታለች። ገዢዋ የሰፈሩን ዋጋ ከፍላ ለአንድ ዓመት ብቻ ኖረችበት።

ዋጋውን ለሁለት እንክፈለው

ስለዚህ ወደ እኔ ለምትመጡ እህቶች የማሳያችሁ ሒሳብ ይህ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የወሰድኋቸው ስለሆኑ በራሳችሁ ቁጥር ተኩአቸው።

አንድ አሮጌ ቤት 7,000,000 ብር ተባለ እንበል። መጀመሪያ አንድ ጥሩ ግንበኛ ወይም የግንባታ ባለሙያ ወስዳችሁ «ይህን ቤት እንዳለ እንደ አዲስ ለመሥራት ስንት ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁ። 1,500,000 ብር አለ እንበል። ይህ የቤቱ ዋጋ ነው። የቀረው 5,500,000 ብር የሰፈሩ ዋጋ ነው። ቤቱ ቢነሳ ልታገኙ የምትችሉት ምትክ ቦታ ለእናንተ 2,000,000 ብር ያወጣል ብላችሁ ብትገምቱ ያንን ቀንሱት። 3,500,000 ብር ይቀራል። በሰፈሩ ውስጥ ለመኖር የምትከፍሉት፣ ሰፈሩ ሲሄድ አብሮ የሚሄደው ገንዘብ እሱ ነው።

አሁን ጥያቄው ሰፈሩ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ይሆናል። 20 ዓመት ከቆየ 3,500,000 ለ20 ሲካፈል በዓመት 175,000 ብር ነው። 5 ዓመት ብቻ ከቆየ በዓመት 700,000 ብር ይሆናል። ይህን ቁጥር በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት ለመከራየት ከምትከፍሉት የዓመት ኪራይ ጋር አስተያዩት። ከኪራዩ ካነሰ መግዛቱ ያዋጣል። እጅግ ከበለጠ ግን ያ ቤት ቢያምርም ለእናንተ አይሆንም።

ከዚህ ስሌት ሌላም ነገር እንማራለን። በሚያሰጋ ሰፈር ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ ያማረውን፣ ብዙ የታደሰውን መግዛት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ለዕድሳቱ የወጣውን ገንዘብ ሻጩ ከእናንተ ይወስዳል፤ እናንተ ግን ስትሸጡ የሚመጣው ገዢ ዋጋውን የሚለካው በመንደሩ ነው። በተረጋጋ ሰፈር ውስጥ ያለ ያረጀ፣ ጣሪያው ዝገት የጀመረው ቤት ግን አጥንቱ ደህና ከሆነ በጊዜ ብዛት በአቅማችሁ ታድሱታላችሁ። ቆርቆሮ ይቀየራል፤ ሰፈር ግን በባለቤቱ ገንዘብ አይቀየርም።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

የሰፈሩን ዕድሜ ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም፤ ሆኖም መመርመሪያ መንገዶች አሉ።

አንደኛ፣ ካርታውን ይዛችሁ ወደ ወረዳውና ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱ። ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ መንገድ የሚያልፍበት መሆን አለመሆኑን፣ የአካባቢ ልማት ዕቅድ የወጣለት እንደሆነ ጠይቁ። ደላላው «ይህ ሰፈር አይነካም» ቢላችሁ የእሱ ቃል በወረቀት ላይ የለም።

ሁለተኛ፣ በካርታው ላይ ያለውን ስፋት ከመሬቱ ጋር አስለኩ። ከካርታው ውጭ የተያዘ ቁራሽ ወይም ያለ ግንባታ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ካለ ለእሱ ዋጋ አትክፈሉ።

ሦስተኛ፣ ግራና ቀኙ ያሉትን ቤቶች ቁጠሩ። ስንቱ የግል፣ ስንቱ የቀበሌ፣ ስንቱ የኪራይ ቤቶች እንደሆነ ነዋሪው ያውቃል። ቤቱ ወይም ጎረቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ እንደሆነም ጠይቁ፤ ቅርስ የሆነ ቤት እንደልብ አይፈርስም፣ አይለወጥም።

አራተኛ፣ ወንዝ ስንት ሜትር ይርቃል? ከተማችን እንደ ቀበናና ግንፍሌ ባሉ ወንዞች የተከፋፈለች ናት። የወንዝ ዳር ቦታ ለጎርፍ የተጋለጠ ነው፤ ለወንዝ ዳር ልማትም ቀድሞ ይፈለጋል።

አምስተኛ፣ ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የሚስቱን ወይም የባሏን ስምምነት በጽሑፍ እዩ። ከ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወዲህ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ሊሸጥ አይገባም። ይህን ሕግ ለራሳችን እንደምንፈልገው ሁሉ ለሌላዋም ሴት ማክበር አለብን። በድብቅ የተሸጠ የአንዲት እናት ቤት ለገዢዋ ሴት በረከት አይሆንም፤ በፍርድ ቤትም ሊያስከስሳት ይችላል። ውሉ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ይህ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የታወቀ ነው። የቀበሌ ቤት ቁልፍ በገንዘብ ተቀብሎ መግባት ግን ግዢ አይደለም፤ ተከራይ የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም።

ስድስተኛ፣ የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት የማታገኙት የሰፈሩ መዝገብ ያለው እድር ውስጥ ነው። ቤቱ ውርስ ክርክር ያለበት እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ጎርፍ እንደገባ፣ ለመነሳት ስብሰባ ተጠርቶ የነበረ እንደሆነ፣ ሰው ወደ ሰፈሩ እየመጣ ወይስ እየለቀቀ እንደሆነ የእድሩ ሽማግሌዎችና እትዬዎች ያውቃሉ። ሻጩ ከመጣ ሰውዬ ጋር ሳይሆን ብቻችሁን፣ ቀስ ብላችሁ፣ ቡና ላይ ጠይቁ። እድሩ ራሱም ሊመዘን የሚገባው ሀብት ነው። ጠንካራ እድር፣ የሚተማመኑ የዕቁብ ጓደኞች፣ ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት ያለበት ሰፈር ለአንዲት ሠርታ አዳሪ እናት በወር ስንት እንደሚያድንላት አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ቤት በሴት ስም መገዛቱ ለእናቶቻችን ቀላል አልነበረም። ካርታው በባል ስም፣ ውርሱ በወንድም ስም የሚሆንበት ዘመን ሩቅ አይደለም። አሁን ከአባሎቻችን መካከል በራሳቸው ቁጠባና ብድር የራሳቸውን ካርታ የያዙ አሉ። ይህ ለማኅበራችን ከሁሉ የሚበልጥ ውጤት ነው፤ ደጋፊዎቻችንም የምትረዱን ለዚህ ነው። አንዲት ሴት ዓሥራ አምስት ዓመት የቆጠበችውን በአንድ ፊርማ በማይቆይ ሰፈር ላይ ካፈሰሰች ግን ልፋቱ ሁሉ የእሷ ብቻ ሳይሆን የዋስትና ጓደኞቿም ኪሳራ ይሆናል።

ስለዚህ ለቤት መግዣ ብድር ጥያቄ ሲቀርብ የብድር ኮሚቴያችን ከካርታው ኮፒ ጋር ሁለት ወረቀት እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው የቤቱንና የሰፈሩን ዋጋ ለይቶ የሚያሳይ ከላይ እንዳሳየሁት ያለ ሒሳብ ነው። ሁለተኛው አመልካቿ ከክፍለ ከተማው ስለ ቦታው ያገኘችው መረጃ ነው። ሒሳቡን ለመሥራት የምትቸገር አባል ብትኖር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ እገኛለሁ። ካርታውን፣ የጠየቁባችሁን ዋጋና ከግንበኛው የሰማችሁትን ግምት ይዛችሁ ኑ። ቀብዱን ግን ከዚያ በፊት እንዳትሰጡ አደራ እላለሁ።